በአረንጓዴው ሻርፕ ሥር የተመለሰ ቃል

ጉርያን፣ ሄራት፣ ሚዛን 8 ቀን 1401

ለእህቴ ልጅ ለሸኪባ፣

ሰላምታዬ ከነፋስ ፈጥኖ ይድረስሽ። አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ በሰው አገር ፊቱ የማይጠቁርብሽ ጎረቤት ይስጥሽ። ስለ እኛ ካሰብሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳቦአችን አልጎደለም፣ ጣሪያችንም አላፈሰሰም። የመቶ ሃያ ቀኑ ነፋስ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው ያቆመው፤ አቧራው እስካሁን ከሻይ ብርጭቆ ሥር አልጠፋም።

መነጽሩ ደርሶኛል። አዋላጇ ኸይሪያ መሽሐድ ከሚመላለሰው ሾፌር ወንድሟ ተቀብላ፣ በሕፃን መጠቅለያ ሸፍና አመጣችልኝ። አድርጌው መጀመሪያ ያነበብኩት የሻይ ቅጠላችንን ካርቶን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሴሎን ነው እያልኩ ለእንግዳ ያቀረብኩት ሻይ የሌላ አገር ሆኖ አረፈው። ለማንም አልተናገርኩም።

በስልክ ከማውራት ደብዳቤ ይሻላል ያልሽው እውነትሽን ነው። ስልክ ሲደወል ልጄ ነዒም አጠገቤ ይቀመጣል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን አንድ ጆሮ ሲጨመር የኔ አፍ ይተሳሰራል።

የነዒም ልጅ ሸጎፋ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤቱ ለትልልቆቹ ልጃገረዶች ከተዘጋ ይኸው ሁለተኛው መከር መጣ። ከሰዓት በኋላ እኔና እሷ አብረን እናነባለን። ያለን የባዮሎጂ መጽሐፏ ብቻ ስለሆነ ደጋግመን እሱኑ ነው። ስለ እንቁራሪት ልብ ከኔ የበለጠ የምታውቅ ባልቴት በጉርያን የለችም። ፊደሉን ከየት እንደለቀምኩት ነግሬሽ አላውቅም። ያኔ በመጀመሪያው የመዝጋት ዘመን እናትሽ አዲላ ምድጃው አጠገብ ስታስተምርሽ፣ እኔ ጥልፌን ይዤ ከጎን እቀመጥ ነበር። አንቺ በዓይንሽ ስታጠኚ እኔ በጆሮዬ ሰረቅሁት።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። ማክሰኞ ዕለት እንግዳ መጣችብን፤ የዛፍራን ነጋዴው የሐጂ ሰመድ እናት። ሚስቱ አምና ሞታበታለች። ሴትዮዋ ሸጎፋን «እስቲ ውኃ አምጪልኝ» አለቻት፤ ውኃውን ግን አልጠጣችውም፤ አረማመዷን ነበር የምታየው። ልትሄድ ስትል እጇን ይዛ አገላብጣ አየችው። ሸጎፋ በኋላ ምን አለችኝ? «ቢቢ፣ ጥርሴን ማየት ረሳች። ተመልሳ ትመጣለች።» ቢቢ ነው የምትለኝ፤ የምትስቀውም አያቷን ለማሳቅ ነው።

ምንም አትላኪልኝ። መነጽሩም ከሚገባኝ በላይ ነው።

አክስትሽ ገውሀር

ሐምቡርግ፣ ሚዛን 30 ቀን 1401

የተከበሩ አክስቴ፣ ኻላ ጃን፣

እጅዎን በሩቅ ስሜያለሁ። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጉልበትዎ አይክዳዎት። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም የምሠራው አረጋውያን ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የዘጠና ዓመት አሮጊት አልጋ አጠገብ ቆሜ «ነጭ ዳቦ ይሁን ወይስ ጥቁር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስሟን የረሳች ሴት ናት። እስክትመልስ መጠበቅ አለብኝ፤ የሥራው ደንብ ነው። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እጠብቃለሁ፤ እየጠበቅሁም አንዳንድ ነገር ወደ ልቤ ይመጣል።

ኻላ ጃን፣ ወሬ የለም ብለው የጻፉልኝን ወሬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች? ሐጂ ሰመድን አስታውሰዋለሁ። እኔ ስሄድ የሱቅ ባለቤት ነበር፤ ጢሙም ያኔውኑ ሙሉ ነበር። ሸጎፋ ምን አለች? ነዒም ሳይሆን ሸጎፋ።

ይህን አንስቼብዎት አላውቅም፤ ዛሬ ላንሳው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባልየው እዚህ ሐምቡርግ፣ እኔ ጉርያን። አረንጓዴውን ሻርፕ ከራሴ እስከ ጉልበቴ አለበሳችሁኝ። ምስክሮቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «ወኪልሽ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ወኪል የሰየመች እሺ አለች ማለት ነው። ዝም አልኩ። ደግመው ጠየቁ። ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ። በሦስተኛው ከግራ ጎኔ «ወኪሌ አባቴ ነው» የሚል ቀጭን የልጅ ድምፅ ወጣ። የኔን ድምፅ ይመስል ነበር። ውጪ ከበሮ ተመታ።

ከዚያ ሰውዬ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። እንዴት እንደኖርኩ አልጽፍልዎትም። እናቴን ግን በስልክ «ምነው አፌን ቀማሽኝ?» ስላት መልስ አልሰጠችኝም። ከዚያ በኋላ አላነጋገርኳትም። ስትሞትም አልመጣሁም። መቃብሯ ላይ ድንጋይ ላስተክል ሲሉኝ እንዴት ዝም እንዳልኩዎት ያውቃሉ።

ሸጎፋ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? እሱን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሸኪባ

ጉርያን፣ አቅራብ 24 ቀን 1401

ለሸኪባ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ በረከት ቤትሽን ይሙላው።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ የዛፍራኑ ወቅት ነው። አበባው ፀሐይ ሳይመታው ይለቀማል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዐሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ተኮልኩለን ቀዩን ክር ከሐምራዊው አበባ እንለያለን። ጣቴ ቢጫ ሆኗል፤ ወረቀቱን ያበላሸው እሱ ነው።

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። ሁለት ጊዜ።

ያለፈው ሳምንት አበባ እየለየን የጎረቤት ሴት ሸጎፋን ትነካካታለች። «ሐጂ ሰመድን ካገባሽማ መልቀም ቀረልሽ፤ አስለቃሚ ትሆኛለሽ» አለቻት።

«እሱ ራሱ ይልቀማ! ወገቡ እንደሆነ አርባ አራት ዓመት ሙሉ አርፏል» አለች ሸጎፋ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ነዒም በር ላይ ቆሞ ኖሯል። «ምን አልሽ?» አላት።

«አላገባውም አልኩ፣ ባባ።»

«የጠየቀሽ አለ?»

«የለም። እኔም የምለው እሱኑ ነው።»

አልመታትም። ወደኔ ዞሮ «እናቴ፣ ምላሷን የሳሉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ያዶልድሙት» አለኝና ወጣ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ አበባቸው ተመለሱ። እኔም ደፋሁ።

ሐሙስ ዕለት የጣፋጩ ትሪ ከኛ ቤት ተላከላቸው፤ የነርሱም ሰዎች የኛም ሰዎች በሉ። ጣፋጭ የበላ ቤት ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቂያለሽ። ኒካሑ ለጀዲ ወር አጋማሽ ተቀጥሯል።

ነዒም አንድ ነገር እንድጠይቅሽ አዞኛል። በስልክ ንገሯት ብሎኝ ነበር፤ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ለኒካሑ ቀን የሚሆን አረንጓዴ የሐር ሻርፕ ከዚያ አገር እንድትልኪ ነው። «እርስዎን ስለምትወድ እምቢ አትልም» አለ።

እኔ ምን አቅም አለኝ? የምበላው ከልጄ እጅ ነው። መበለት የሰው ቤት ጥላ ናት፤ ጥላ ደግሞ ባለቤቱ ወደዞረበት ይዞራል።

አጠገቧ የሚቀመጠው ማነው ላልሽው፣ ገና አልተነጋገርንበትም።

ገውሀር

ሐምቡርግ፣ ቀውስ 10 ቀን 1401

ኻላ ጃን፣

ሻርፕ አልልክም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ስለ ሸጎፋም፣ ስለ ሌላም ነገር። ትናንት የምንከባከባት አሮጊት ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቶ ነበር። «ነጭ ወይስ ጥቁር?» ስላት አፏን ከፈተች፤ ከንፋስ በቀር ምንም አልወጣም። ዳቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እናቴም እንደዚያ ነበረች። በኒካሔ ሰሞን ሦስት ቀን አልቅሳ ድምጿ ተዘግቶ፣ የሠርጉን ቤት እንኳ በእጇ ምልክት ነበር የምታዝዘው። አባቴ «ዛሬ ቤቱ ሰላም ሆነ» ብሎ ሲቀልድባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አስታውሰዋለሁ፤ ግን አንድ ጊዜም ከዚያ ቀጭን ድምፅ ጋር አጠጋግቼው አላውቅም። እንዴት እንዲህ ዓይነት ደደብ እሆናለሁ?

በቀኜና በግራዬ የተቀመጡት እናቴና እርስዎ ብቻ ነበሩ። ከሻርፑ ሥር ሆኜ ማን በየት በኩል እንዳለ አላይም ነበር።

ኻላ ጃን፣ እርስዎ በየት በኩል ነበሩ?

ሸኪባ

ጉርያን፣ ጀዲ 28 ቀን 1401

ሸኪባ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

በግራሽ ነበርኩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ የኸይሪያን ግቢ ጠርጌ መጣሁ። አሁን ልቀጥል።

ለምን ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ላለፉት ዐሥራ ስምንት ዓመታት ለራሴ የምነግረው መልስ ነበረኝ፤ ባሌ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል፣ ሠርገኛው ሞልቷል፣ ምግቡ በስሏል፣ የቤተሰቡ ስም ሊዋረድ ነው፤ ፈርቼ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ፍርሃትስ ነበረ። ግን የባልሽ ሰዎች፣ አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ነዒምን ወደዚያ አገር እንደሚያስወስዱልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሥራ የለው፣ ጦርነቱ ይወስድብኛል ብዬ እሰጋ ነበር። አንቺ ዝም ስትዪ እኔ የታየኝ የልጄ መንገድ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ድምፄን አቀጠንኩ። ማንም አልገፋኝም። ነዒምን ማንም አልወሰደውም፤ እዚሁ ቀርቶ ያንኑ ያደረግሁትን ተማረ።

እናትሽ ታውቅ ነበር፤ ሌላው ጎንሽ ላይ ነበረቻ። አንቺ በስልክ የወቀስሻት ዕለት እኔ እዚያው ነበርኩ። ስልኩን ዘግታ ዓይኗን ተከለችብኝ። «ንገሪያት» አልኳት፤ እንድትነግርሽ ፈልጌ ግን አልነበረም፤ ገብቷታል። «ተዪው» አለችኝ። «እናት አንድ ቀን ይቅር ትባላለች። ካንቺ ከተጣላች እዚህ ማን ቀረላት?» ይህን ብላ ዱቄቷን ማቡካት ጀመረች። ዐሥር ዓመት ኖረች፤ አንድ ቀን መልሳ አላነሳችብኝም። አንቺ መነጽር የላክሽው፣ በዒድ በዒድ የምትደውዪው፣ «ከእናቴ የተሻሉኝ እርስዎ ነዎት» ያልሽው ለኔ ነው። ሁሉንም ተቀበልኩ።

አሁን የሸጎፋን ልንገርሽ።

ኒካሑ ጀዲ 14 ቀን ነበር። ሻርፑን ነዒም ከሄራት ገዛ። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ከሙሽራዋ ጎን በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ትቀመጣለች። እኔን አስቀመጡኝ። ሸጎፋ ሻርፑ ሥር ሆና እጄን ያዘችኝ። ቀዝቅዛ ነበር። «ቢቢ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እንቁራሪት ልቧ ስንት ክፍል ነው?»

«ሦስት» አልኳት።

«የኔ አሁን አንድ ነው።»

ምስክሮቹ መጡና ከመጋረጃው ወዲያ ቆሙ። አንዱ የሙሽራው አጎት ነው፤ ሁለተኛው የመስጊዱ ሙአዚን ባባ ሙእሚን፣ ያንቺ ጊዜም የመሰከረው። «የነዒም ልጅ ሸጎፋ፣ ወኪልሽ ማነው?» አለ ባባ ሙእሚን። ዝም። «አፍራ ነው፤ ጨዋ ልጅ ናት» አለች የሐጂ ሰመድ እናት፤ ሴቶቹም እልል ሊሉ ቃጣቸው። ሁለተኛ ጠየቀ። ዝም። እናቷ ሩቂያ ታፋዋን ቆነጠጠቻት፤ እጄ ውስጥ ስትሸማቀቅ ተሰማኝ።

ከሦስተኛው በፊት ክፍሉ ሙሉ ሴት ወደኔ ዞረ። ሩቂያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ይበሉ እንጂ፤ የእርስዎ ድምፅ እንደሆነ አያረጅም» አለችኝ።

ምድር አልተከፈተችልኝም። ለካ ያውቃሉ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት እያወቁ ነው በየግብዣው ወፍራሙን የክብር ትራስ የሚያቀብሉኝ።

ሸኪባ፣ ጀግና ሆንኩ ብዬ እንዳልዋሽሽ። አፌን የከፈትኩት ቃሉን ልል ነበር። «ወኪሌ» የሚለው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ዐይኔ ግን ሸጎፋ እጄን የያዘችበት ላይ አረፈ፤ የያዘችኝ አምናኝ ነው። አንቺም ያን ቀን ይዘሽኝ ነበር፤ ረስቼው ነበር። በግራ እጅሽ ነበር የያዝሽኝ።

«ባባ ሙእሚን» አልኩ።

ሴት ወንድን በሠርገኛ ፊት በስሙ ስትጠራ ሰምተው ሴቶቹ ተያዩ።

«ከዚህ ሻርፕ ሥር የሚወጣው ቃል የልጅቷ መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ? የሰማሁትን ነው የምመሰክረው።»

«ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊትም የሰማኸውን መሰከርክ። የአዲላ ልጅ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ።»

ሻርፑን ከሸጎፋ ራስ ላይ ገፈፍኩት። «ይኸው ፊቷ ተገልጧል፤ ከንፈሯን ሴቶቹ ሁሉ ያያሉ። አሁን ጠይቃት።»

ሩቂያ ጮኸች። የሐጂ ሰመድ እናት «ይቺ አሮጊት አብዳለች፣ አውጧት!» አለች። ባባ ሙእሚን ግን ሦስተኛውን ጠየቀ። ድምፁ እንደ በፊቱ አልነበረም።

«ወኪል የለኝም» አለች ሸጎፋ። «አላገባም።» ድምጿ ጎርናና ነበር፤ የኔን አይመስልም፣ የማንንም አይመስልም።

«ሰምቻለሁ» አለ ባባ ሙእሚን። «አንተስ?» አለው የሙሽራውን አጎት።

«እኔማ… ጆሮዬ ትንሽ…»

«ለግብዣ ሲጠሩህ ደህና የሚሰማ ጆሮ! ተነሥ፣ እንሂድ።»

ትሪው በማግስቱ ተመለሰ። ነዒም አንድ ቃል ሳይናገረኝ ልብሴን በአንሶላ ቋጥሮ በር ላይ አስቀመጠው። አሁን ያለሁት ኸይሪያ ቤት ነው፤ አራስ ስትጠይቅ እከተላታለሁ፣ ውኃ አፈላለሁ። በመንገድ ሳልፍ ሴቶች ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ሸጎፋ ቤት ውስጥ ናት። አባቷ አያነጋግራትም፤ ግን ሌላ ሰውም አላመጣባትም። ነገ የሚያመጣውን አላውቅም። ኸይሪያ ወደ እነርሱ ቤት ስትሄድ ሸጎፋ በባዮሎጂ መጽሐፉ ገጾች መካከል ወረቀት ትልክልኛለች። ከኩላሊት ምዕራፍ ደርሳለች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለሸጎፋ ያደረግሁት ላንቺ ያደረግሁትን እንዲያጥብልኝ አይደለም። ያንቺ ዘጠኝ ዓመት የትም አይመለስም፤ እናትሽም ሞታለች። መነጽሩን በኸይሪያ ወንድም በኩል መልሼልሻለሁ፤ የምጽፈው ያለ መነጽር ስለሆነ መስመሩ ቢጠማዘዝ እሱ ነው። ይቅር በዪኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ግን ይኸው ብያለሁ።

ገውሀር

ሐምቡርግ፣ ደለዊ 22 ቀን 1401

ኻላ ጃን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መነጽሩም ደርሷል፤ መልሼ ልኬዋለሁ፤ የሸጎፋን ወረቀት ለማንበብ ያስፈልግዎታል።

ይቅርታ ጠይቀውኛል። አልመለስኩም። ሁለተኛ ቢጠይቁኝም ምናልባት አልመልስም፤ ሦስተኛም። ዝምታዬን እሺታ አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ፤ በኔ ፋንታም ማንም አይመልስ። መልሴ የመጣ ቀን ከራሴ አፍ ይሰሙታል።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ከዚህ ጋር ያለውን ቁራጭ ወረቀት ይዘው እናቴ መቃብር ይሂዱ። እኔ አሁን መምጣት አልችልም። ጮክ ብለው ያንብቡላት። ድምፅዎን አያቅጥኑት፤ በራስዎ ድምፅ ያንብቡት። ለዚህች ለአንዲት ነገር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወኪል አድርጌዎታለሁ።

ሸኪባ

እናቴ፣ ሸኪባ ነኝ። ይህን የምታነብልሽ ገውሀር ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። ያ ድምፅ ያንቺ እንዳልነበረ ዘንድሮ ሰማሁ። ድምፅሽ ተዘግቶ እንደነበር በጆሮዬ ሰምቼ ሳለሁ ፈረድኩብሽ። ስወቅስሽ ዝም አልሽ፤ እኔም ዝምታሽን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩብሽ።